በዓሣው አታላክኩ

ባለፈው ሰሞን ወሊሶ አካባቢ የሚኖረው አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ማርባት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ምሳ ላይ ሁለት ዓሣ ተጠብሶ ቀረበ። ጎን ጎኑ ተሰነጣጥቆ፣ ቡናማ ብሎ፣ ከዳጣ ጋር። ሲያዩት ምራቅ ያስውጣል። አንድ ጎረስኩ። ጭቃ! ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲመታው የሚመጣ ሽታ አለ አይደል? እሱን እያኘክሁ ነበር።

አጎቴ ፊቴን አየና «የኩሬ ዓሣ ነዋ፣ ምን ታደርገዋለህ» አለኝ።

ይቺን አባባል ያልሰማ የለም። የጫሞ ነው ሲባል ዓይናችን ይበራል፣ የኩሬ ነው ሲባል አፍንጫችን ይሸበሸባል። እኔ ግን ዓሣው ያለ ጥፋቱ ነው የሚታማው ባይ ነኝ። ቆሮሶው የጫሞም ሆነ የጓሮ ያው ቆሮሶ ነው። ልዩነቱ የበላውና የዋኘበት ነው።

ጭቃ ጭቃ የሚለው ነገር ራሱ ጭቃ አይደለም። ጂኦስሚን ይባላል። ውሃው ላይ አረንጓዴ ሆነው የሚንሳፈፉ አልጌ መሳይ ባክቴሪያዎችና ከሥር ደለሉ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያመርቱት። የዝናቡም ሽታ እሱው ነው። የሰው አፍንጫ ደግሞ ለዚህ ሽታ ጉደኛ ነው። አንድ ግራሙን ለመቶ ሚሊዮን ከፋፍላችሁ አንዷን እጅ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ብትጨምሩ እንኳ ሊለየው ይችላል። ዓሣው መዋጥም አይጠበቅበትም። ጂኦስሚኑ በስንጥቡ፣ በመተንፈሻው በኩል ገብቶ ስቡ ውስጥ ይቀመጣል። ለመግባት ሰዓታት ይበቁታል። ለመውጣት ግን ቀናት ይፈልጋል።

ታዲያ እነዚያን ባክቴሪያዎች ማን አበዛቸው? መልሱን በማግስቱ ንጋት ላይ አየሁት። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ኩሬው ወሰደኝ። ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «አየህ፣ ርቧቸዋል» አለና አንድ ጣሳ ፉርሽካ በተነላቸው። አልነኩትም። ፉርሽካው ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ራሰ፣ ሰጠመ።

ርቧቸው አልነበረም። አየር አጥሯቸው ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክሲጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክሲጅን ይወስዳል። ስለዚህ ኩሬ ውስጥ ኦክሲጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት የተበተነ ፉርሽካ ከሥር ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክሲጅን ይበላል፣ አሞኒያ ይለቃል፣ አልጌውንና እነዚያን ባክቴሪያዎች መልሶ ያደልባል። የወሊሶ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ቆሮሶ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ በጣም ይቀንሳል። ፀሐይ ውሃውን እስክታሞቀው ጠብቆ፣ በልተው በሚጨርሱት ልክ መስጠት ነው የሚሻለው። እኛ ግን እንግዳ እንደመጣብን «ብሉ እንጂ» እንላለን።

ደግሞስ ፉርሽካ ብቻውን ምን መኖ ነው? ፕሮቲኑ 15 በመቶ ገደማ ነው። እያደገ ያለ ቆሮሶ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ይፈልጋል። ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ዓሣ ሥጋው አይሞላም። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) መቀላቀል ጥሩ ነው፣ ካልሻገተ። ከአስር ዓመት ገደማ በፊት አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሲገኝ ጣት የተቀሰረው ፋጉሎው ላይ እንደነበር አንርሳ። የዓሣም ጉበት ለዚያ መርዝ አይራራለትም። የዶሮ ኩስም በልኩ ከሆነ ጠቃሚ ነው፣ ዓሣው የሚበላቸውን ደቃቅ ነገሮች ያበቅላል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ክንዳችሁን ኩሬው ውስጥ አስገቡ። ገና ውሃው የእጅ አንጓችሁ ጋ ሲደርስ ጣቶቻችሁ ካልታዩ አልጌው በዝቷል። የአጎቴ ኩሬ ላይ ሞከርኩት። ጥፍሮቼ ወዲያው ጠፉ።

ቅሬታዬ ግን አጎቴ ላይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲጀመር ዓሣም ከወተቱ፣ ከዶሮውና ከማሩ ጋር ተጠርቷል። እሰየው። ግን ዜናውን ስሙት። ይህን ያህል ኩሬ ተቆፈረ፣ ይህን ያህል የዓሣ ጫጩት ተሰራጨ። ዓሣውን ማን ቀመሰው? መኖው ከየት መጣ? ለእርባታ ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መኖ ይበላዋል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ስሙም አይነሳም።

አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ የአምባዛ ዘመድ የሆነ ዓሣ በብዛት በኩሬ ይረባል። እዚያ ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ለናሙና ተወስዶ ይበስላል። ያለ ጨው፣ ያለ ምንም ቅመም። ሥራው ይኼ የሆነ ሰው ያሸተዋል፣ ይቀምሰዋል። ጭቃ ካለው ኩሬው እንዳለ ይቆያል፣ ጭነት የለም። እኛ ጋ ግን ሁዳዴ ሲመጣ ገበያው ይሞቃል (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው)፣ ያኔ ኩሬው በአንድ ቀን ተጠርጎ ይወጣል፣ በዚያው ቀን መጥበሻ ላይ ነው። ለመቅመስ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ድስትና አፍንጫ ይበቃል።

ሎሚ ማሸታችንም እኮ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። አሲድ ጂኦስሚንን ይሰብረዋል። ችግሩ ሎሚው የሚሠራው ከላይ ከላይ ነው፣ ሽታው ያለው ስቡ ውስጥ ነው። ሁነኛው መላ ዓሣውን ሳይገድሉ ከዚያ ውሃ ማውጣት ነው። ንጹሕ ውሃ እየገባ እየወጣ፣ ያለ መኖ፣ ለጥቂት ቀናት። ብርድ ካለ ትንሽ ይረዝማል። ዓሣው ትንሽ ይከሳል፣ ሻጭ ይህን አይወድም። አጎቴም አልወደደውም። «በኪሎ ነው እኮ የምሸጠው» አለኝ።

ቢሆንም አስር ዓሣ አሮጌ ሮቶ ውስጥ አስገባን፣ ከጉድጓዱ ውሃ በቱቦ ለቀቅንበት። ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ። አክስቴ ከዚያ ኩሬ የወጣ ዓሣ አፏ ገብቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ጭንቅላቱን ሳይቀር መጠጠችው አለኝ። ጠዋት ጠዋት ፉርሽካ መበተኑን ግን ገና አልተወም።