ሰኔና በጀት

ባለፈው ሰኔ ማገባደጃ ላይ አንዲት ደብዳቤ ማኅተም ለማስመታት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ አልኩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ሠራተኞቻችን በቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ዙሪያ ሥልጠና ላይ ስለሚገኙ አገልግሎት የማንሰጥ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን» ይላል። ጥበቃውን ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ ሥልጠናው የት ነው?»

«ሐዋሳ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! በጀቱ ሲያልቅ ይመጣሉ።»

ይህቺ የምስጋና ጽሑፍ የተጸነሰችው እዚያ በር ላይ ነው። እናንተም በየደጃፉ ቆማችሁ ስለምታውቁት ብዙ አላብራራም። ሰኔ መጣ ማለት አገር ሥልጠና ወጣ ማለት ነው። አበው ሰኔና ሰኞ ከገጠመ ዘመኑ ክፉ ነው ይሉ ነበር። ሰኔና በጀት ሲገጥም ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

የማያውቅ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሳይሠራበት የተረፈ ብር ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ብር የመለሰ መሥሪያ ቤት በዓመቱ «ጨምሩልኝ» ቢል «አምና መች ጨረስክና?» ይባላል። ቆጣቢ ይቀጣል፣ ጨራሽ ይጨመርለታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እኮ አርጅቷል። የዛሬዎቹ ጨዋ ናቸው፣ አይበሉም። ይጨርሳሉ። በመመሪያ፣ በደረሰኝ፣ በሦስት ፊርማ።

ትዕግሥታቸውም ይደንቀኛል። ኅዳር ላይ «ኮፒ አድርጉልኝ» ብትል «ቀለም የለም፣ ውጪ አስደርገህ ና» ትባላለህ። ጥር ላይ ወረቀት የለም። መጋቢት ላይ የመኪናው ጎማ አልቋል፣ ግዢው ሂደት ላይ ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ሰማይ ይከፈታል። ቶነሩ በካርቶን በካርቶን ኮሪደሩ ላይ ይደረደራል። ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ቶነሩም የሌላ ማሽን ነው። ቢሆንስ? የተገዛው ሊታተምበት መች ሆነና! የሚሽከረከረው ወንበርም ከነላስቲኩ ይታደላል። ላስቲኩ እስከ ቀጣዩ ሰኔ አይወልቅም። ያኔ ሌላ ወንበር ይመጣል።

ከሁሉ ከሁሉ ግን እኔ የምሞትለት የቁጠባ ሥልጠናውን ነው።

አዎ፣ ስለ ቁጠባ ይሠለጠናል። በሰኔ! ርእሱ «ወጪ ቆጣቢ አሠራርን ማስፈን፦ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ የሚደገስበት አዳራሽ አለው። ግን አዳራሹ ሐይቅ የለውም። ሐይቅ በሌለበት ስለ ቁጠባ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ሐዋሳ ድረስ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። አንድ አውቶቡስ ለሁሉም ይበቃ ነበር። ግን ኃላፊ ከኃላፊ ጋር በአንድ መኪና ከሄደ ማን ፊት ይቀመጣል? ክብር የሚባል ነገር አለ። በየመኪናው አንድ ኃላፊ፣ አንድ ሾፌርና ባዶ የኋላ ወንበር ይጓዛሉ። ከሦስቱ አበል የማይከፈለው ባዶው ወንበር ብቻ ነው።

መድረኩ ላይ ባነር ይሰቀላል። መጀመሪያ የመጣው «ቁጠባ»ን «ቁጣባ» ብሎ ስለጻፈ እንደገና ይታተማል። ሁለተኛው ላይ የክብር እንግዳው ማዕረግ ይዘለላል። ሦስተኛው ይሰቀላል። ተሳታፊው በር ላይ ቦርሳ ይረከባል። በቦርሳው ውስጥ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፍላሽ፣ ቆብ እና ደረቱ ላይ «እያንዳንዷ ሳንቲም ለአገር!» የሚል ቲሸርት አለ። ቲሸርቱ ለሁሉም አንድ ልክ ነው። የኃላፊዎቹን ሆድ አልቻለውም።

የክብር እንግዳው በተደራራቢ ሥራ ምክንያት አልተገኙም። ተወካያቸው ንግግራቸውን ያነባል። አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ጭብጡ ጊዜን ስለ መቆጠብ ነው። ሻይ ቡና። ከሻይ በኋላ አማካሪው ስላይዱን ፊደል በፊደል ያነበንባሉ፣ «ከኋላ ያላችሁ እንደማይታያችሁ አውቃለሁ» እያሉ። ምሳ። ከምሳ በኋላ መድረኩ ለውይይት ክፍት ይሆናል። መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው ሰውዬ በየሥልጠናው ያው ነው። «የኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይላል። አስተያየቱ ስለ አበል ነው። በዚህ አበል ሐዋሳ ላይ መኖር አይቻልም፣ ታዲያ ቁጠባውን በምን ሞራል እንተግብረው? ሞቅ ያለ ጭብጨባ።

ሁለተኛው ቀን የቡድን ውይይት ነው። አምስት ቡድን፣ አምስት ትልልቅ ወረቀት፣ አምስት ማርከር። የሚጽፈው ማርከር አንድ ስለሆነ በዙር ይዋዋሱታል። እስካሁን በሥልጠናው ላይ የታየ ብቸኛ ቁጠባ ይህ ነው። ሁሉም ቡድኖች የችግሩን ሥር ያገኙታል፦ የግንዛቤ እጥረት። መፍትሔውስ? ተከታታይ ሥልጠና።

ሦስተኛው ቀን የመስክ ጉብኝት። መስኩ አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ነው። ቡድኑ ከዓሣ አስጋሪዎች ልምድ ይቀስማል። ልምዱ ተጠብሶ፣ በዳጣ ይቀርባል። ጀልባ ተከራይተው ጉማሬ አይተው የሚመለሱም አሉ። ጉማሬው ከወጪ ቅነሳ ጋር ያለው ግንኙነት በሪፖርቱ አባሪ ይብራራል።

ቆዩ፣ አልጨረስኩም። ለመሄጃ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን አበል ይታሰባል። የሦስት ቀኑ ሥልጠና የአምስት ቀን ሆነ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ሠራተኛ እስከ መስከረም ያኮርፋል። የገባው ደግሞ ጠዋት ይፈርምና ይሰወራል። መጨረሻ ላይ ለሁሉም ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ ለተሰወረውም ጭምር። በዚህ አገር የተሰጠው የቁጠባ ሰርተፊኬት ወደ ዕውቀት ቢለወጥ ኖሮ ይሄኔ አበዳሪ ነበርን።

ብድርን ካነሣን፣ በዚህም የሚያህለን የለም። ኅዳር 2007 ላይ ከዓለም ገበያ በዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጪ ባለሀብቶች በሚሸጥ የብድር ሰነድ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ወሰድን። ወለዱ 6.625 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 10 ዓመት። ያኔ ዐሥር ዓመት ሩቅ ነበር፤ መሀል ላይ ስንት ሰኔ አለ! ታኅሣሥ 2016 ላይ የዚያው ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ለምን ሲባል፣ አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማየት ብለን ነው ተባለ። ደግ ሕዝብ ነን፣ ማንንም ለይተን መክፈል አንወድም። በዚያ ወር ሥልጠና የሰረዘ መሥሪያ ቤት ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፣ ሄጄ እጅ እነሣለሁ።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብድር በ10 ዓመት እንዲመለስ ነበር የተፈረመው። ወደ 30 ተገፋ። ጭብጨባው ለእኛ፣ ክፍያው ለልጆቻችን፣ ዕዳ ከሜዳ። በብድር የተጀመሩትን የስኳር ፋብሪካዎችስ ታስታውሳላችሁ? ስኳር ላኪ ልንሆን ነበር። ብድሩ በጊዜው ደረሰ፣ ስኳሩን ዛሬም ከውጪ እናስገባለን።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ተሻገረ፣ እየቆየም 120ን አለፈ። አንዲት ዶላር ሳንጨምር የውጪ ዕዳችን በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆነ። ቁጭ ብሎ ማደግ ይሉሃል ይህ ነው። በጀቱም አልተኛም። የ2017ቱ ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር ነበር፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ከ580 ቢሊዮን በላይ ተጨመረበት። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ። ዕዳ መክፈያው ከበጀቱ ትልልቅ ድርሻዎች አንዱ ነው። ለጉማሬው ስንት እንደተያዘ ግን ለብቻው አልተጻፈም።

አይዟችሁ የሚለን ተንታኝ ግን አይጠፋም። ክራቫቱን አጥብቆ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል። «ዕዳ የሌለበት አገር የለም፣ አሜሪካ ራሷ ከ36 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ አለባት» ይለናል። ልክ ነው። አሜሪካ የምትከፍለው ራሷ በምታትመው ዶላር ነው። እኛ የምንከፍለው በቡና፣ በአበባና ዓረብ አገር በር ዘግተው የሚያሠሯት እህታችን በምትልከው ዶላር ነው። ይህቺን ይዘልላታል።

አሁን ሽሙጡን ልተው።

በዚህ አገር ደሞዙ ለወራት ያልተከፈለው መምህር አስተምሯል። ምጥ የያዛት እናት «ጓንት ከውጪ ገዝታችሁ ኑ» ስትባል ባሏ በሌሊት ፋርማሲ ፍለጋ ይሮጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ የምትፈርሙትም ታውቃላችሁ! ያቺ ማንም የማይዛት ቦርሳ ጓንት ነበረች። ያ ሦስት ጊዜ የታተመ ባነር የመምህሩ ደሞዝ ነበር። «በጀት የለም» የምትሉት ለማን ነው? ሰኔ ላይ ከየት ይመጣል? ብሩ የአባታችሁ አይደለም። ከፊሉ የኛ እንኳ አይደለም፣ የተበደርነው ነው፣ ወለድ ይቆጥራል። እናንተ ዓሣ ስትበሉም ይቆጥራል።

ይቅርታ፣ ግፊቴ ጨመረ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የማይመሰገን ሰው ደግሞ አለ፣ እሱንም ላጋልጥ። አንዲት የፋይናንስ ኃላፊ ናት። ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰው ሠራች፣ አንድ መኪና ጥገና አስቀረች፣ ለመጋረጃ መቀየሪያ የተያዘውን አልነካችም። ሰኔ 28 ላይ የተረፈውን ብር «ተመላሽ ይሁን» ብላ ፈረመች። የበላይዋ ጠርቷት «ምን ነካሽ እህቴ? ልታስበዪን ነው?» አላት። በዓመቱ ግምገማ «የበጀት አጠቃቀም ክፍተት ታይቶባታል» ተብሎ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘችው እሷ ነች። ጨክነው ግን አልጨከኑባትም። አቅሟን እንድትገነባ የበጀት አጠቃቀም ሥልጠና ትውሰድ ተብሎ ተወስኗል። ቢሾፍቱ፣ አምስት ቀን፣ ከነአበሉ።