የዓመት ፈቃዴን ወረዳ ጨረሰው

የመሥሪያ ቤቴ ልጆች የዓመት ፈቃድ ሲወጡ ሐዋሳ ይሄዳሉ። ቢሾፍቱ ይሄዳሉ። ገንዘብ ያጠረው ቤቱ ተኝቶ ይውላል። እኔ ወረዳ ነው የምሄደው።

ሕጉ እንደ እኔ ገና አንድ ዓመት ለሞላው ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ከጭንቀቴ ብዛት ቁጥሩን ሁሉ ይዤዋለሁ። ከ16ቱ ስድስቱ አልቀዋል። በአንዱም ቀን እግሬን ዘርግቼ አልተኛሁም። ስድስቱም ያለቁት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ለዘይት። ሌላ አይደለም። የሸማቾች ዘይት ለመግዛት የሚያስችል ካርድ ለማውጣት።

ኑሮ ተወደደ ብዬ ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ገበያው ይወስነው ከተባለ በኋላ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ቤንዚን በ2017 ከ91 ብር ወደ 101 ብር ገባ። እኔ መኪና የለኝም። ሽንኩርቱ ግን በእግሩ አይመጣም። ደመወዜ ደግሞ የትም አልሄደም፤ እዚያው ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ሸማቾች ዘይትና ስኳር ገባ ሲባል፣ ከሱቁ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ለእኔ ቤት ቀልድ አይደለም። የልጄ የሳምንት ወተት ማለት ነው።

ቤተሰቤ እኔ፣ እናቴና ሦስተኛ ክፍል የሚማር ልጄ ነን። የድሮ ሰፈራችን ለልማት ከተነሡት አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም። ፒያሳና ካዛንቺስን ያየ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል። እኛ የግለሰብ ቤት ተከራይ ስለነበርን ምትክ ቤት የሚባል ነገር አይመለከተንም። ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ወጣን። አሁን ያለነው ከአራት ኪሎ በእግር በሚደረስ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። እድሩ በአንድ እሑድ መዘገበኝ። መመዝገቢያ ከፈልኩ፣ ስሜን ጻፉ፣ አለቀ። ሰኞ ለቅሶ ቢኖር ድንኳን ሥር እቀመጣለሁ። ወረዳው ግን ወራት አለፉት፤ እስካሁን አያውቀኝም።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። እውነቴን ነው። ጠዋት 2:30 ላይ ደረስኩ። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ በቀለም፣ በመስታወት ውስጥ። የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። የሚበዛው በደቂቃ ነው የተጻፈው። ደስ አለኝ። እሱን ደጋግሜ ሳነብ ስለዋልኩ አሁን በቃሌ ልወጣላችሁ እችላለሁ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት። «የሸማቾች ካርድ ለማውጣት የወረዳው ነዋሪ መሆን አለብሽ» አለችኝ። ነዋሪ ነኝ አልኳት። «መታወቂያሽ የኛ አይደለም።» ፋይዳዬን አወጣሁ። «እሱ ሌላ ነው። መሸኛ አምጪ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልበሳጭ። ለፋይዳ ስመዘገብ አሥር ጣቴን ሰጥቻለሁ። ሁለት ዓይኔን ሰጥቻለሁ። ፊቴን አስነሥቻለሁ። መንግሥት ዓይኔ ውስጥ ያለውን መስመር ያውቃል። የት ሰፈር እንደማድር ግን አያውቅም፤ እሱን የሚያውቀው ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ያለው ደግሞ አንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ ሌላ ወረዳ መዝገብ ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ስልክ አለ፣ ኢንተርኔት አለ። ተላላኪዋ ግን እኔ ነኝ።

የድሮው ወረዳ ስሄድ ቢሮው እዚያ የለም። ሰፈሩ ሲነሣ እሱም ተነሥቷል። የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀሁ። በመጨረሻ የነገረኝ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ናት፤ ደንበኞቿ የወረዳው ሠራተኞች ነበሩና አብራ ልትሄድ አስባ ነበር። ሁለት ታክሲ ይዤ ስደርስ ምሳ ሰዓት። ከምሳ በኋላ ኃላፊው ግምገማ ላይ ናቸው። ቀኑ አለቀ።

በማግሥቱ ሲስተም የለም። «ሲስተም የለም» ሲሉ አነጋገራቸው ይገርመኛል። የሞተ ዘመድ እንደሚያረዱ ነው፤ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኛም ከንፈራችንን መጥጠን እንወጣለን።

ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ግቢ ውስጥ ካሉት ሁሉ እውነተኛ መረጃ የሚሰጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ልጄ፣ ሐሙስ ነይ። ረቡዕ ጽዳት ዘመቻ ይወጣሉ» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው። እሳቸው ባይነግሩኝ ሌላ ቀን ነበር የምቃጠለው።

ሐሙስ ሄድኩ። ፋይሌ የለም። ቢሮ ሲቀየር ፋይሎቹ በጆንያ ተጭነው ነው የመጡት፤ ጆንያዎቹም መደርደሪያው ሥር ተከምረዋል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጫማዋን አውልቃ ገባችበት። እኔም ክላሰር እያቀበልኩ አገዝኳት። አቧራው በአፍንጫዬ ገብቶ በዓይኔ ወጣ። በመሀል ቀና ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እናንተ ሰፈር ሸማቾች ዘይት ገብቷል እንዴ?» ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች። እሷም እንደኔ ናት፤ የምሳ ዕቃዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ውስጡ ሽሮ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ክፉ ናቸው የሚል ሰው ቢመጣ አልስማማም። ክፉውስ በግልምጫ ያልፋል።

ፋይሉ ተገኘ። ደብዳቤው ተጻፈ። ተፈረመ። ክብ ማህተም ተመታ። እልል ልል ነበር። አዲሱ ወረዳ ይዤ ለመድረስ ሮጥኩ፣ 11:00 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ልጅቷ አነበበችው። ገለበጠችው። «ቲተር የለውም።»

ቲተር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ዕድለኞች፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማህተም ነው። ፊርማ ብቻውን አይበቃም። «ደግሞ ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው። ለኛ ወረዳ ተብሎ በስማችን ይጻፍ።» እኔ የምላት አጣሁ። ከአንቺ በላይ ማንን ይመለከታል?

አምስተኛው ቀን ለቲተር ዋለ። ስለሱ የማወራው የለኝም። ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ተመታ፣ መጣሁ። አዎ፣ አንድ ነገር አለ። በር ላይ አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ «ትንሽ ሻይ ካለሽ ዛሬውኑ አስጨርስልሻለሁ፣ ካርዱንም ጭምር» አለኝ። ሻይ ያለው ሁለት ሺህ ብር ነው። አልሰጠሁትም። በጽድቅ አይደለም፤ ስላልነበረኝ ነው። ቢኖረኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እኔና ፈጣሪ እንወቀው።

ስድስተኛው ቀን ላይ ነው ዋናው ጉዳይ የመጣው። መሸኛውን ተቀበሉኝ፤ ተመስገን። «አሁን አከራይሽ ይምጡ። የተመዘገበ የኪራይ ውልም ያስፈልጋል።»

የኪራይ ውል። በ2016 የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1320። ጥሩ አዋጅ ነው፣ አንብቤዋለሁ። ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከሁለት ዓመት በታች አይሁን ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። አከራይ እንዳሰኘው ኪራይ አይጨምርም። ለእኔ ለተከራይዋ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ማታ አከራዬ ዘንድ ገባሁ። ጡረተኛ ናቸው። ቡና ቀረበልኝ። ነገሩን ሳነሣ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አንቺን እንደ ልጄ ነው የማይሽ። ነገር ግን እኔን ወረዳ አታስገቢኝ። ከተመዘገበ ግብር ይመጣል። ግብሩን ከየት አምጥቼ ልክፈል? ኪራዩ ላይ ልጨምርብሽ?»

«እትዬ፣ ሕጉ እኮ...»

«ሕጉ ይኑር። ካልተመቸሽ ደግሞ ሌላ ቤት እይ። ክፉ አልናገርሽም።»

ክፉም አልተናገሩኝም። ጡረታቸው የመድኃኒታቸውን እንኳ አይሸፍንም፤ የእኔ ኪራይ ነው ጓዳቸውን የያዘው። እኔ ደግሞ በዚህ ዋጋ መሀል ከተማ ሌላ ክፍል አላገኝም። ሕጉን ጠቅሼ ልከሳቸው እችላለሁ። ከዚያ የት ልደር? ስለዚህ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። አሁን በዚህ ግቢ አምስት ተከራይ አለን። አምስታችንም እንበላለን፣ እንታመማለን፣ ልጅ እናስተምራለን። በወረዳው መዝገብ ግን ግቢው ውስጥ የሚኖሩት አንድ አሮጊት ብቻ ናቸው። ዘይትም ሲታደል ለሳቸው ብቻ ነው የሚደርሰው። ደግነቱ ከስኳራቸው ያካፍሉናል።

ዘይቱንስ ተዉት። የእናቴ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። የጤና መድን ደብተሯ ከድሮው ጤና ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ልናዛውረው ስንል፣ መታወቂያ። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ሁለት ታክሲ ተሳፍራ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ወደ ፈረሰው ሰፈሯ ትሄዳለች። አንዳንዴ ክኒኑ አለ፣ አንዳንዴ «ከውጭ ግዙ» ትባላለች። በመንገድ ላይ የድሮ ጎረቤቶቿን ትፈልጋለች። አንድም ሰው የለም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ብቻ። «አምሯል እኮ» ትለኛለች ስትመለስ። ከዚያ ዝም ትላለች።

አንድ ነገር ደግሞ ካልተናገርኩ ግፍ ይሆንብኛል። ልጄ የሚማረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ቁርስ፣ ቀን ምሳ ይበላል። በነፃ። ደብተርና ዩኒፎርምም ተሰጥቶታል። ይሄ ባይኖር በዚህ ኑሮ እኔ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም፤ የምሳ ዕቃ መቋጠር የቱን ያህል እንደሚያሳቅቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ለዚህ ደግሞ ማንም ቲተር አልጠየቀኝም። ልጁ ተማሪ ነው፣ ርቦታል፣ ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል፣ ይበላል። የእሁድ ገበያም እንደዚያው ነው። በጠዋት ዘንቢሌን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከጉልት ቀነስ ባለ ዋጋ እገዛለሁ። ቲማቲሙ መሸኛ አይጠይቅም። ምገባ ማዕከላቱም የሚበላ ያጣውን ሰው በቀን አንዴ ያበላሉ።

ይህንን የማነሣው ለምስጋና ብቻ አይደለም። ከተማው ሲፈልግ ያለ ወረቀት መርዳት ይችላል ማለቴ ነው። ታዲያ አንድ ጀሪካን ዘይት ላይ ሲደርስ ምን ይነካዋል? ደጅ ጥናት የምንለው ነገር ድሮ ጌታ ቤት ነበር አሉ። ጠዋት መጥቶ እጅ መንሳት፣ እስኪጠሩ መቆም። አሁን በሩ አልሙኒየም ሆነ እንጂ አቋቋማችን ያው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ለአምስት ሊትር ዘይት ብዬ ስድስት ቀን። በየቀኑ ታክሲ። ፎቶ ኮፒ። ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ከዚያ ጀርባው ነጭ ይሁን ተብሎ እንደገና ሁለት። ክላሰር ከራሴ። ያወጣሁትን ብደምረው ዘይቱን ከሱቅ ገዝቼ፣ በተረፈው ሽንኩርት ጠብሼ፣ ለመዝገብ ቤቷ ልጅም ወጥ እልክላት ነበር። የቀን ሠራተኛ ብሆን ኖሮስ? የዓመት ፈቃድ የሌላት ልብስ አጣቢ ስድስት ቀን ከየት ታመጣለች? እርዳታው የተዘጋጀው ለሷ ነው። ደጁን መጥናት የምትችለው ግን እኔ፣ ፈቃድ ያለኝ ነኝ።

ሰሞኑን መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ አዘነችልኝ መሰለኝ። «አከራይሽ እንቢ ካሉ በሦስት ሰው ምስክር ይታይ እንደሆነ ኃላፊዋን ላናግርልሽ። ሰኞ ነይ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ሰኞ ግን ስብሰባ ሊኖር ይችላል» አለች።

ዛሬ የፈቃድ ቅጹን ሞላሁ። ሰባተኛ ቀኔ ነው። አለቃዬ ምክንያት የሚለው ላይ «ወረዳ» የሚለውን አይቶ ምንም ሳይተነፍስ ፈረመ፤ ባለፈው ወር እሱም ለልጁ የልደት ሰርተፊኬት አራት ቀን ጠፍቶ ነበር። ቅጹ ላይ ታች «በፈቃድ ጊዜ የሚገኙበት አድራሻ» የሚል አለ። ሌሎቹ ሐዋሳ ብለው ይሞላሉ። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ እግሩ የተሰበረው አግዳሚ ወንበር።