የስልክ መስመሩ የሚያስፈልገው ስንጣላ ነው

አዲስ አበባና አስመራ አሁን የሚነጋገሩት በመግለጫ ነው። አንዱ በቴሌቪዥን ይከሳል፣ ሌላው በኤክስ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት ለየደጋፊያቸው ነው። ይህ ነገር በጣም ያስፈራኛል።

ከዚህ በፊትም አይተነዋል። በግንቦት 1990 ባድመ ላይ ጦርነት ሲነሳ ስልኩም ተቆረጠ። በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ስልኩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። በሚያዝያ 1994 በስምምነቱ መሠረት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን አሳወቀ። በኋላ ባድመ ለኤርትራ መወሰኗ ሲታወቅ ኢትዮጵያ «እንነጋገርበት» አለች። ኤርትራ ደግሞ «መጀመሪያ ይካለል» አለች። በዚህ ጭቅጭቅ ዓመታት ነጎዱ።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ያኔ የሁለቱ ጦር መኮንኖች የሚገናኙበት ወታደራዊ አስተባባሪ ኮሚሽን ነበር። ሰብሳቢው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር አዛዥ ነው። እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ትናንት ሲታኮሱ የነበሩ ናቸው። ቢሆንም ድንበር ላይ ከብት ሲሰረቅ፣ እረኛ መስመር አልፎ ሲያዝ፣ ጥይት ሲተኮስ «ምንድን ነው የሆነው?» ተብሎ የሚጠየቅበት መንገድ ነበር። በ1998 ክረምት ስብሰባው ቆመ። በሐምሌ 2000 የሰላም አስከባሪው ተልዕኮም አበቃ።

በሐምሌ 2010 መሪዎቹ አስመራ ላይ ተቃቀፉ፣ ስልኩም ተከፈተ። ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሳይቀር እየደወለ «እንዴት ናችሁ?» ይል ነበር። ደስታችን እውነተኛ ነበር። ግን ከመሪዎቹ በታች በቋሚነት የሚሠራ ነገር አልተዘረጋም። መስከረም 1 ቀን 2011 የተከፈተው የዛላምበሳ መንገድ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በነሐሴ 2016 መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራም ቆመ።

«ከጠላት ጋር ምን ወሬ አለ?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን መነጋገርን ለወዳጅ እንደሚሰጥ ስጦታ ማየት አልችልም። ከወዳጅ ጋርማ ያለ ስልክም እንግባባለን። ድንበር ላይ አንድ የፈራ ወታደር በሌሊት ቢተኩስ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው አዛዥ ጥቃት ተጀመረ ብሎ ከማዘዙ በፊት የሚደውልለት ሰው ሊኖር ይገባል። የባሕር በሩ ጉዳይ ይቆይ፣ ክሱም ይቀጥል። በሁለቱ ጦር አዛዦች መካከል ግን ቀን ከሌት የሚነሳ አንድ ስልክ አሁኑኑ ይዘርጉ። መሪዎቹ ቢኮራረፉም እንዳይዘጋ አስቀድመው ይፈራረሙበት።