ሰዓት ለሚያቃኑ እጆች የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ከአንድ መሥሪያ ቤት በማለዳ የተቀበልሁት ደረሰኝ ላይ የታተመው ሰዓት ገና ያልደረሰ ሰዓት ነበር። ምክንያቱን ብጠይቅ «ኮምፒውተሩ እኮ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሳናስተካክለው ቀርተን ነው» ተባልሁ። አንባቢም ይህን መልስ ስንቴ እንደሰማው ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ የተነሣሁት ለወቀሳ አይደለም፤ በአንድ ማሽን ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ የተባሉትን ሁለት የኮምፒውተር ሲስተሞች ጎን ለጎን ጭነው፣ በዚህ የተነሣ የሚዛባውን ሰዓት በየማለዳው በገዛ እጃቸው የሚያቃኑትን ትጉሃን ላመሰግን ነው።

የነገሩ ሥር ድብቅ ቢሆን ኖሮ ትጋታቸው ይህን ያህል ባላስደነቀኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላም በማዘርቦርዱ (በዋናው የውስጥ ሰሌዳ) ላይ በትንሽ ባትሪ መቁጠሩን የሚቀጥል ሰዓት አለ። ዊንዶውስ ያንን ቁጥር የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ በተለምዶ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ መለኪያ ሰዓት) ነው ብሎ ይወስደውና ለኢትዮጵያ 3 ሰዓት ይጨምርበታል። አንዳንድ ሊቃውንት «የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት ተደባልቆበት ነው» ሲሉ ይተነትናሉ፤ የእነዚያ ልዩነት 6 ሰዓት፣ የዚህ ግን 3 መሆኑ ትንታኔያቸውን ቅንጣት አያናውጠውም።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን አንድ ማሽን በፈረቃ የሚጋሩበትን ቢሮ ነው። የከሰዓቱ ባለሊኑክስ 8 ሰዓት ላይ ማሽኑን ሲከፍት ስክሪኑ 11 ሰዓት ብሎ የመውጫውን ሰዓት ያበሥረዋል። እሱ ግን በብሥራቱ ሳይታለል ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሊኑክስም የታረመውን በዩቲሲ አድርጎ ማዘርቦርዱ ላይ ይጽፈዋል። በማግሥቱ 3 ሰዓት ላይ የምትገባው ባለዊንዶውስ ስክሪኑን ገና የንጋት 12 ሰዓት ላይ ታገኘዋለች፤ እሷም ወደ ፊት ትገፋዋለች፤ 8 ሰዓት ሲሆን እንደገና 11 ይላል። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ «ወንድሜ፣ ሰዓቱን ባትነካካው?» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ከሥሩም «እህቴ፣ እኔ አስተካከልሁ እንጂ አልነካካሁም» የሚል መልስ ሰፈረ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም አዲስ ባትሪ አስገዛ፤ አዲሱ ባትሪ የተሳሳተውን ሰዓት ከአሮጌው በበለጠ ታማኝነት ጠበቀ። ሰውየው ሰዓቱን እንዳይነካ ቃል ቢያስገቡትም፣ ኢንተርኔት ሲኖር ሊኑክስ ራሱ ትክክለኛውን ሰዓት ያመጣና በየ11 ደቂቃው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚጽፍ፣ ምስኪኑ እጁን ኪሱ ከትቶ ተቀምጦም «ነካካህ» ተባለ። በመጨረሻ «የሰዓት ማስተካከያ መዝገብ» ተከፈተ፤ ያስተካከለው ሠራተኛ ስሙን፣ ፊርማውንና ያስተካከለበትን ሰዓት ይሞላል። ያስተካከለበትን ሰዓት የሚገለብጠው ከዚያው ከስክሪኑ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። ይህንኑ የሦስት ሰዓት ልዩነት «ቫይረስ ነው» ብሎ የተማሪን ላፕቶፕ ፎርማት የሚያደርግ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ደምስሶ በላዩ ላይ የእጅ ዋጋ የሚቀበል ጠጋኝ አለ። ባለማወቁ አልከሰውም፤ ሁላችንም የማናውቀው ብዙ ነው። «አላውቅም» ብሎ ከማፈር የሰው ልጅ የወራት ልፋት ቢጠፋ ይሻላል ብሎ መምረጡ ግን ነውር ነው፤ ገንዘቡንም መመለስ ይገባዋል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስና፣ ትጉሃኑ የናቁትን አቋራጭ ለታሪክ ያህል ልመዝግብ። በሊኑክሱ ተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» (timedatectl set-local-rtc 1) ብሎ መጻፍ ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዊንዶውስ እንዲያነብ ያደርገዋል። ወይም በዊንዶውስ ሬጂስትሪ (የማስተካከያዎቹ ማኅደር) ውስጥ «ታይምዞንኢንፎርሜሽን» (TimeZoneInformation) በሚለው ቁልፍ ሥር «ሪልታይምኢዝዩኒቨርሳል» (RealTimeIsUniversal) የሚል ዲወርድ (ቁጥር የሚይዝ መስመር) ፈጥሮ 1 መስጠት ዊንዶውስን ወደ ዩቲሲ ያመጣዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሦስት ዓይነት ሊኑክስ በአንድ ዲስክ ላይ የጫነ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ፣ እያንዳንዱ ሊኑክስ የየራሱን ማስተካከያ ስለሚይዝ ትዕዛዙን በሦስቱም ላይ መድገም ይኖርበታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት በሚቀየርበት በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የመጀመሪያው መንገድ ሁለቱ ሲስተሞች በየተራ አንዳንድ ሰዓት እንዲቀይሩ በር ይከፍታል፤ እኛ ቢያንስ ከዚህኛው ድነናል።

ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንደሚበቃ ለዚያው ባለመዝገብ ቢሮ ተነግሮት ነበር። ጥንቁቆች ናቸውና ለማንኛውም ብለው ሁለቱንም አደረጉ። አሁን ሊኑክሱ የአገሩን ሰዓት፣ ዊንዶውሱ ዩቲሲን ይጠብቃል፤ በመሆኑም ሴትዮዋ ሰዓቱን ወደ ኋላ፣ ሰውየው ወደ ፊት እየገፉ ነው፤ መዝገቡም በአዲስ ቅጽ ታትሟል።