«ሉካም ተሽጧል» እያላችሁ ሒሳቡን አትዝለሉት!

አቦ ጀመዓ፣ ይሄን ሳልናገር እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን ከድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር መግባቴ ነው። ወሬው ያው የ2025-26 (በፈረንጆቹ) የኤንቢኤ ወሬ ነው፦ የሚልዋኪው ኮከብ ያኒስ ይሄዳል፣ አይሄድም፣ ወዴት ይሄዳል። የኒክሱን፣ የኒው ዮርኩን ቡድን፣ ደጋፊ ሰውዬ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን አልጠራም። በርጫው ሞቅ ሲል ተነስቶ ፍርድ ሰጠ።

«የኛን ታውንስን ሰጥተህ ያኒስን ትቀበላለህ። አንድ ለአንድ። አለቀ ደቀቀ!»

እኔም ቀስ ብዬ «አንድ ለአንድ አያልፍም» አልኩ።

«ለምንድን ነው የማያልፈው?»

«የታውንስ ደመወዝ በ2025-26 53.1 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ የያኒስ 54.1። ኒክስ ከመጀመሪያው ኤፕሮን፣ ሊጉ ለቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ካሰመረው መስመር፣ በላይ ስለሆነ ከሰጠው ደመወዝ አንዲት ዶላር አስበልጦ መቀበል አይችልም። አንድ ሚሊዮን ይጎድላል።»

ሰውዬው ቤቱን ዞር ብሎ አየና «አቦ ለአንድ ሚሊዮን ነው እንዴ እንዲህ የምትጨቀጭቀን! የኒው ዮርክ ባለሀብት አንድ ሚሊዮን አጣ? ካጣ ታይዋን ገበያ ገብተን እናዋጣለታለን!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስተናጋጇ እንኳ ትሪውን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን አልበቃውም፤ «ይሄን ልጅ ሒሳብ ሹም አድርጋችሁ ቅጠሩት፣ ኳስ አይገባውም» ብሎ ጨመረበት።

እኔን ያቃጠለኝ ሳቁ አይደለም። እኔ እኮ ትሬዱን፣ የተጫዋች ልውውጡን፣ ላፈርስበት አልነበረም፣ ልጠግንለት ነበር! መፍትሔው ዓረፍተ ነገሬ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከታውንስ ጋር አንድ በሚኒመም፣ በሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሚጫወት ልጅ፣ 2 ሚሊዮን ከምናምን የሚያገኝ፣ አብረህ ትልካለህ። 53.1 ወደ 55 ከፍ ይላል፣ ያኒስ ይገባል። ከዚያ ከ15 የሮስተር (የተጫዋች ዝርዝር) ቦታ የጎደለውን ትሞላለህ። ይኼው ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ስናገር ማን ያስጨርሰኝ!

ደግሞ «ባለቤቱ ከኪሱ ያውጣ» ይላል። ወንድሜ፣ ችግሩ የገንዘብ እጥረት አይደለም! ኤንቢኤ ውስጥ ተጫዋች በዝውውር ዋጋ አይገዛም። የሚመዘነው የምትልከው ሰው ደመወዝ ከምትቀበለው ሰው ደመወዝ ጋር ነው። ባለቤቱ ቢፈልግ ነዳጅ ጉድጓድ ይኑረው፣ ታውንስ 53.1 ከሆነ 53.1 ነው። እንዲያውም ከሁለተኛው ኤፕሮን በላይ ላለ ቡድን በትሬድ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ መላክ ጭራሽ ክልክል ነው። ሁለትና ሦስት ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች ማምጣትም እንደዚያው። በ2025-26 ያ መስመር 207.8 ሚሊዮን ላይ ነበር፣ የመጀመሪያው 195.9 ላይ። ኒክስ ሁለተኛው መስመር ስር አፍንጫው ሊነካው ደርሶ ነበር የቆመው፣ እንዳያልፈውም ታስሮ ነበር።

ይሄ ሁሉ የሚመጣው ከማንቼና ከአርሰናል ነው፣ ሌላ ከየትም አይደለም። ሰው ሁሉ ኳስን በዝውውር መስኮት ነው የተማረው። «መቶ ሚሊዮን ክፈልና ውሰድ።» እሺ፣ እዚያ ይሠራል። ይህን ልማድ ይዘህ ቅርጫት ኳስ ውስጥ ስትገባ ግን የምታወራው ሁሉ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የሚያሳዝነው፣ ልጆቹ ጨዋታውን ያውቃሉ። ፒክ ኤንድ ሮል ላይ ማን እንደሚያፈገፍግ፣ ማን እንደሚቀያየር ቁጭ ብለው ይተነትኑልሃል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው ያያሉ። ደመወዝ ሲነሳ ግን ጆሯቸውን ይደፍናሉ።

ከዚያ ደግሞ ያቺ የማትጠፋ ክርክር መጣች፦ «ሉካም ተሽጧል።» አቦ ይቺን ቃል የፈጠራት ሰው አንድ ቀን ይጠየቅባታል። ሉካ ዶንቺች ከዳላስ ወደ ሌከርስ ከተላከባት ከዚያች እሁድ ጀምሮ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ሁላችንም ስልካችንን ይዘን አፋችንን ከከፈትንበት ጀምሮ፣ ማንም የማይሆን ነገር ባወራ ቁጥር ሉካን ይጠራል። ዮኪች ወደ ማያሚ? «ሉካም ተሽጧል።» ዌምባንያማ ወደ ቺካጎ? «ሉካም ተሽጧል።» ክርክሩ እዚያው ላይ ይሞታል።

እስቲ ያንን ትሬድ አብረን እንክፈተው። የሉካ ደመወዝ 43.0 ሚሊዮን፣ የሌከርሱ አንቶኒ ዴቪስ 43.2። ክሌበር 11 ሚሊዮን ይዞ ከሉካ ጋር ወደ ሌከርስ ሄደ። ሌከርስ ደግሞ ከዴቪስ ጋር ማክስ ክሪስቲን ጨመረ፣ 7.1። አሁን ደምሩት፦ የሚገባው 54.0፣ የሚወጣው 50.3። አያልፍም! ሌከርስ ያኔ ከመጀመሪያው ኤፕሮን በላይ ስለነበረ አስበልጦ መቀበል አይችልም። ለዚህ ነው ሁድ-ሺፊኖ የሚባለው ልጅ፣ 3.9 ሚሊዮን የሚያገኘው፣ ወደ ዩታ የተላከው። ሲደመር 54.2 ሆነ፣ አለፈ። ከሉካ ጋር የሄደው ማርኪፍ ሞሪስ የሚኒመም ደመወዝተኛ ስለሆነ በራሱ መንገድ ገባ። ዩታ ለውለታው ሁለት የሁለተኛ ዙር ፒክ፣ አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ተራ፣ ተቀበለ። ሰው ሁሉ «ዩታ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?» ሲል ነበር፤ ያገባው በዚያች በ3.9 ነው።

በዚህም አላበቃም። ዴቪስ ውሉ ውስጥ ትሬድ ኪከር ነበረው፣ ቡድን ሲቀይር ደመወዙ ላይ 15 በመቶ የሚጨምርለት። ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ ነው። ያ ቢደመር የዳላስን ጣሪያ ይቀደው ነበርና ዴቪስ ራሱ ተወው። ሰውዬው ስድስት ሚሊዮን ዶላር ትቶ ነው ትሬዱ ያለፈው!

ስለዚህ ሉካ የሚያሳየው «ሁሉም ነገር ይቻላል» የሚለውን አይደለም፣ ተቃራኒውን ነው። ያልተጠበቀ ነገር ነበር፣ የሚያናድድ ነገር ነበር፣ እኔ አሁንም ዳላስ ምን እንደነካው አይገባኝም፤ ሕግ የጣሰ ግን አልነበረም። ያልተጠበቀና የማይፈቀድ ለየቅል ናቸው። ይሄን ስል «ሒሳብ ሹም» ተባልኩ።

የሌከርሶቹማ የባሰ ነው። «ሃቺሙራ፣ ቪንሰንት፣ ክሌበር፣ ያኒስን አምጣ!» 18.3፣ 11.5 እና 11፣ ድምሩ 40.8። በ125 በመቶ ብትለጥጠው እንኳ 51 አካባቢ ይቀራል፣ ያኒስ ጋ አይደርስም። ያውም መለጠጥ ከተቻለ ነው፤ ሌከርስ ኤይተንንና ስማርትን ያስፈረመበት መንገድ ለ2025-26 የመጀመሪያውን ኤፕሮን ጣሪያ አድርጎበት ነበር። እንደ ሪቭስ ያለ አራተኛ ሰው ካልጨመርክ አይሞላም። ሪቭስ ሲባል ደግሞ ሁሉም ይጮሃል፣ «እሱን አንሰጥም!» ታዲያ በምን ልትወስደው ነው? በዱዓ? አራት ሰው ልከህ አንድ ስትቀበልስ፣ ሚልዋኪ ሦስት ሰው ከሮስተሩ ማሰናበት እንዳለበት፣ የሚያሰናብታቸውንም ደመወዝ እንደሚከፍል ማን ያስባል?

ማንም ሚልዋኪን ወክሎ አያስብም። ሁሉም የሚያወራው ያኒስን ስለሚወስደው ቡድን ነው። ሚልዋኪ ሆሊደይን በ2020፣ ሊላርድን በ2023 (በፈረንጆቹ) ለማምጣት ፒኮቹን በትኗል። እየተሸነፈ ወደ ታች ቢወርድ እንኳ ሙሉ ጥቅሙ የእሱ አይሆንም። ስለዚህ ያኒስን ከሰጠ የሚፈልገው ፒክና ወጣት ነው። 30 ዓመት የሞላውና ውሉ ውድ የሆነው ታውንስ ብቻውን ምን ያደርግለታል? ኒክስ ደግሞ ፒክ የለውም! ብሪጅስን በ2024 ሲያመጣ የራሱን የ2025፣ የ2027፣ የ2029 እና የ2031 የአንደኛ ዙር ፒክ ሰጥቷል። ለምን ዓመት እየዘለለ? ምክንያቱም የስቴፒየን ሕግ አለ፤ የወደፊት የአንደኛ ዙር ፒክህን ሁለት ዓመት በተከታታይ ባዶ ማድረግ አትችልም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንዱ ባለቤት ቴድ ስቴፒየን ፒኩን እየበተነ ቡድኑን ስላራቆተው የወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ በመሃል የቀሩት 2026፣ 2028፣ 2030 ተቆልፈዋል። 2032ም 2031 ስለሄደ አይነካም። ከዋሽንግተን ይጠበቅ የነበረው የ2026 ፒክ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ተራ ከወደቀ እዚያው የሚቀር ነበር። የቀረው ፒክን ከሌላ ቡድን ፒክ ጋር የመለዋወጥ መብት ነው። ለያኒስ የመለዋወጥ መብት ብቻ ይዘህ ስትሄድ ስልኩን ይዘጉብሃል።

ልቤን የሚያደማው ደግሞ ይሄ ሁሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ሊላርድ በ2023 ማያሚ ብቻ ነው የምፈልገው ሲል እዚህ ማልያ ሊያሠሩ ደርሰው ነበር። ያለ ፈቃዱ እንዳይላክ የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ላይ የለውም፣ የትም ሊልኩት ይችላሉ ስንል ማን ሰማን? ሚልዋኪ ሄደ። ሌብሮን በ2024 በፈረመው ውል ያ አንቀጽ ነበረው፣ ብራድሊ ቢልም ነበረው፤ እንደነዚህ ካሉት ጋር ስታወራ ተጫዋቹን መጠየቅ ግድ ነው። ከሌሎቹ ጋር ግን የተጫዋቹ ምኞት ምኞት ነው።

የማርክ ዊሊያምስስ? ሌከርስ ክኔክትን፣ ሬዲሽንና የ2031 ፒክ ሰጥቶ ሴንተር አገኘ ተብሎ ለገሃሬ ድረስ ጭፈራ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ የሕክምና ምርመራው ላይ ወድቆ ትሬዱ ተሰረዘ። ምርመራ ሳያልፍ ትሬድ አያልቅም! ይሄንንም ሳስታውስ «ጨለምተኛ» የሚል ስም አተረፍኩ።

የኤንቢኤ ወሬ በሚያወጣው በጋዜጠኛው ሻምስ ስም የሚነግዱትን የውሸት ሻምሶቹንማ ተዉኝ። ሰማያዊ ምልክት ገዝቶ፣ በስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ቀይሮ የለቀቀውን ሁሉ ስክሪንሾት አድርገው ያመጡልሃል። «ሻምስ አለ!» የትኛው ሻምስ? አካውንቱን ተጫን፣ ተከታዩን እይ፣ ከዚያ ጩህ። ይሄን ለመንገር እንኳ ድካም ይዞኛል።

ያኒስ እስከ ትሬድ መዝጊያው ቀን ካልሄደ ሰማይ አይደፋም። ውሉ እስከ 2026-27 የጸና ነው፣ ለ2027-28 ደግሞ መቆየት አለመቆየቱ በእጁ ነው፤ ሚልዋኪ ክረምት ድረስ ሊጠብቅ ይችላል። እንዲያውም ለኒክስ የሚሻለው ያኔ ነው። የ2026 ድራፍት፣ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫው፣ ሲያልፍ የ2033 ፒክ ይከፈትለታል፣ 2032ን ለራሱ ካስቀረ እሱን መስጠት ይችላል። ታውንስ፣ አንድ ሚኒመም ልጅ፣ የ2033 ፒክ፣ ላዩ ላይ የመለዋወጥ መብት፤ ምናልባት ሦስተኛ ቡድን ገብቶ ታውንስን ይወስድና ለሚልዋኪ ወጣት ይልካል። ይሄ ቢያንስ ቁጭ ብለው የሚያወሩት ነገር ነው። ሰውዬው ያኔ ይምጣ፣ ደመወዙን እኔ ራሴ እደምርለታለሁ። እስክጨርስ ግን አያቋርጠኝ።