አማቻችን ፐርሲየስ በሠርጉ ቀን ምን ሠራ?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ፕሮግራም የቀረበ እንግዳ "ፐርሲየስ እኮ አማቻችን ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ሐውልት ይገባዋል" አለ። አዘጋጁም አብሮ ሞቅ አለው። ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገውን ሜዱሳን የገደለው የግሪክ ጀግና የኢትዮጵያዋን ልዕልት አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ አድኖ አገባት፣ ስለዚህ ግሪኮች እንዴት ያከብሩን እንደነበር እዩ ነው ነገሩ። ኧረ ተዉን!

ከማስረጃዎቹ ሁሉ የባሰችው "ንግሥታችን ካሲዮፒያ እስከ ዛሬ ሰማይ ላይ ታበራለች" የምትለዋ ናት። ሴትዮዋ እኮ እዚያ የወጣችው ለቅጣት ነው። ከባሕር ቆነጃጅት እበልጣለሁ ብላ ጉራዋን ነዛች፣ መዘዙ ለልጇ ለአንድሮሜዳ ተረፈ፣ አውሬው ተላከባት፣ እሷም የከዋክብት ስብስብ ሆና ከነወንበሯ ተሰቅላ ከዋክብቱ በዞሩ ቁጥር ቁልቁል ትዘቀዘቃለች። ይሄ ክብር ከተባለ ስድቡን ምን ልንለው ነው?

ወደ ሙሽራው እንምጣ። ልጅቷ ከዓለት ጋር ታስራለች፣ አውሬው ውሃውን እየሰነጠቀ እየመጣ ነው፣ ፐርሲየስ ግን ቆሞ ከወላጆቿ ጋር ይደራደራል፤ ካዳንኳት ትድሩልኛላችሁ ወይ? ምን ይበሉ? እሺ አሉ፣ መንግሥታቸውንም መረቁለት። ልጅቷ ደግሞ ለአጎቷ ለፊኒየስ ታጭታ ነበር (እሱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው)። ፊኒየስ ሰዎቹን አስከትሎ ሠርጉ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ጦር የወረወረው እሱ ነው፣ እሺ ይሁን። ቀጥሎ የሆነውን ግን ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ቁጥር ሳይቀር ጽፎታል። ጀግናው ሲጨንቀው የሜዱሳን ጭንቅላት መዘዘና 200 ሰው በቆመበት ድንጋይ አደረገ። 200! በሠርግ ቤት! አንዱ የዓባይ ልጅ ነኝ እያለ፣ ጋሻው ላይ የዓባይን ሰባት ጅረቶች በወርቅና በብር አስቀርጾ ሲፎክር፣ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ፊኒየስ ማረኝ ብሎ ለመነ። ጌትዬው ግን ሚስቴ የድሮ እጮኛዋን እያየች ትጽናና ብሎ አማቱ ቤት ሐውልት አድርጎ ገተረው።

"ተረት እኮ ነው፣ ምን ያናድድሃል" ትሉኝ ይሆናል። ለጋብቻው ሲሆን ታሪክ፣ ለ200ው ሲሆን ተረት?

ደግሞስ የትኛዋ ኢትዮጵያ? ከጥንት ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ልጅቷ የታሰረችው በኢዮጴ ነው ይላሉ፤ ዮናስ መርከብ የተሳፈረባት፣ የዛሬዋ የእስራኤል ያፎ። እዚያ ባሕሩ ውስጥ ያለው ዓለት አሁንም በአንድሮሜዳ ስም ይጠራል። ፐርሲየስም ሚስቱን ይዞ ወደ ግሪክ ነጎደ። ልጃቸው ፐርሰስ እንኳ፣ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚለው፣ ስሙን ያወረሰው ለፋርሶች፣ ለዛሬዎቹ ኢራናውያን ነው። በዚህ ዘር የሚመካ ካለ ቴህራን ትመካ።