ሶቅራጥስ ልጆቻችንን አልሰደበም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ጥቅስ ላከልኝ። ጺማም ሽማግሌ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ ከሥሩ «የዛሬ ልጆች ቅንጦት ይወዳሉ፣ ሥርዓት የላቸውም፣ ታላላቆቻቸውን አያከብሩም» ይላል። ተናጋሪው? ሶቅራጥስ። ወዳጄ ልጁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ እየዋለ አማርሮታል፤ «አየህ፣ ያኔም እንዲሁ ነበር» ብሎ ጨመረበት።

ሶቅራጥስ እንዲህ አላለም። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1907 ከታተመ፣ አንድ እንግሊዛዊ ስለ ጥንታዊ ግሪክ ትምህርት ከሠራው ጥናት የመጣ ነው። ሰውየው የያኔዎቹን ሽማግሌዎች ሮሮ በራሱ አባባል ጠቅልሎ ጻፈው፣ ከዚያ አፍ ለአፍ ሲዞር ባለቤቱ ሶቅራጥስ ሆኖ ቀረ።

ለነገሩ ሶቅራጥስ አንድ መስመር እንኳ ጽፎ አልተወም። የምናውቀው ከተማሪዎቹ ከፕላቶና ከዜኖፎን፣ እንዲሁም መድረክ ላይ ከቀለደበት ከአሪስቶፋነስ ነው። ስለዚህ ማንም ያሻውን አፉ ውስጥ ይጨምርለታል። እኛም ዘንድ ቢሆን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአረብኛ ወደ ግዕዝ በተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ውስጥ ሶቅራጥስ ምክር ሲለግስ እናገኘዋለን።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ምን ተብሎ ነው የተገደለው? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399፣ በ70 ዓመቱ፣ አቴንስ ላይ «ከተማዋ የምታመልካቸውን አማልክት አይቀበልም፣ ወጣቱንም ያበላሻል» ተብሎ ነዋ! ሥራ የሌላቸው የሀብታም ልጆች ይከተሉታል፣ አዋቂ ነኝ ባዩን በጥያቄ ሲያፋጥጠው ያያሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ሄደው ሌላውን ያፋጥጣሉ። አባት ቢሆኑ እርስዎስ ደስ ይልዎታል?

ክሱ ከሜዳ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ከአጠገቡ ከማይጠፉት አንዱ የነበረው ክሪቲያስ፣ አቴንስን ከክሱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404፣ በደም ያጠቡት የሠላሳዎቹ አምባገነኖች መሪ ሆኗል። ከተማዋ ሆድ ብሷታል። ነገር ግን እነዚሁ ሠላሳዎቹ ሊዮን የሚባል ሰው ሊገድሉ ፈልገው ሶቅራጥስን ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር «ሂዱና አምጡት» ሲሉት፣ አራቱ ሄዱ፤ እሱ ወደ ቤቱ ገባ። ይኸው ነው። ሥልጣናቸው ቶሎ ባይወድቅ ያኔውኑ በሞተ ነበር።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ፕላቶ የመጨረሻዋን ቀን ጽፏል (እሱ ራሱ ያን ዕለት ታሞ ስለነበር እዚያ አልተገኘም፤ ደግነቱ አልደበቀም)። እስር ቤት ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መርዙን ይጠጣል። ስለ ነፍስ አለመሞት እያወሩ ሁለት ወጣቶች፣ ሲምያስና ቄቤስ፣ ክርክሩን አፈረሱበት። ሊሞት ሰዓታት የቀሩትን ሽማግሌ! እሱ ግን ተቃውሟቸውን በደስታ፣ እንዲያውም በአድናቆት ሰማ።

ከአልጋው አጠገብ ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ፌዶን የሚባል ወጣት ተቀምጧል። ሶቅራጥስ የልጁን ፀጉር እየዳበሰ «ነገ ይህን ያማረ ፀጉርህን ትቆርጠው ይሆናል» አለው። ለሐዘን ፀጉር መቆረጥ እነሱም ጋ ነበር። ልጁ «ይመስለኛል» አለ። «የለም» አለው ሶቅራጥስ፤ ክርክራችን ሞቶብን ነፍስ ልንዘራበት ካቃተንማ፣ ዛሬውኑ አንተም እኔም እንቆረጥ።